ከሀዋሳ ወደ ሞያሌና ማዶ፦ ስለ ድንበር ጭነትና ንግድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትራንዚተር ነኝ። ሀዋሳ ተቀምጬ የሰው ጭነት ድንበር የሚሻገርበትን ወረቀት እሠራለሁ። ቡና ልጠጣ ስወጣ እንኳ አንዱ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ይቀመጥና «እኔ እምለው፣ ሞያሌ አሁን ቀሏል የሚሉት እውነት ነው?» ይለኛል። እሱን መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ስለ ቢጫ ካርድ ያነሳብኛል። ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኳቸው። ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሁሉ «እሱን አንብብ» እለዋለሁ፤ ቡናዬም አይቀዘቅዝም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። ብዙ ሰው ጭነት ድንበር የሚሻገረው ሞያሌ ላይ ይመስለዋል። እኔ እስካየሁት ድረስ የሚሻገረው ሀዋሳ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ሲሠራ። ሞያሌ ላይ የሚመዘነው እዚህ የሠራነው ነው። ይህን ይዛችሁ አንብቡ።

ሞያሌ ላይ «አንድ ማዕከል» የሚሉት ምንድን ነው?

የድሮውን ልንገራችሁ፤ ያን ካላወቃችሁ አዲሱ አይገባችሁም። ድሮ የጫነ መኪና መጀመሪያ በእኛ በኩል ይቆማል። ጉምሩኩ፣ ኢሚግሬሽኑ፣ የዕፅዋት ቁጥጥሩ በየተራ ያዩታል። ማህተም ይመታል። ከዚያ ትንሽ ይነዳና ኬንያ በኩል እንደገና ይቆማል። እዚያም ያው ጥያቄ፣ ያው ወረቀት፣ ያው ፍተሻ። አንዱ ኬሻ ሁለት ጊዜ ይፈታል።

አሁን የሚቆመው አንድ ጊዜ ነው። ወደ ኬንያ የሚሄድ መኪና የእኛን ሕንፃ አልፎ በቀጥታ ኬንያ ያለው ማዕከል ይገባል። እዚያ የኢትዮጵያም የኬንያም ሠራተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የእኛዎቹ መውጫውን ይጨርሳሉ፤ የእነሱ መግቢያውን ይቀጥላሉ። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ኬንያ ላይ ሳይቆም የእኛ ማዕከል ይገባል። እንግዲህ አስቡት፤ የኢትዮጵያ ጉምሩክ ሠራተኛ ኬንያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የኢትዮጵያን ሕግ ያስፈጽማል። ለዚህ ሁለቱ አገሮች መዋዋል ነበረባቸው። ሕንፃው ቀላሉ ክፍል ነበር።

ማዕከሉን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የመረቁት ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያ በፊት ተሞክሯል። አፍሪካ ውስጥ የመጀመሪያው በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር፣ ቺሩንዱ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀመረ። ኬንያም ከኡጋንዳ ጋር ቡሲያና ማላባ ላይ፣ ከታንዛኒያ ጋር ናማንጋ ላይ እንዲሁ ትሠራለች። ማዶ ያሉት ሰዎች አሠራሩን ለምደውታል ማለት ነው።

ታዲያ በእርግጥ ቀሏል?

ቀሏል። የቀለለው ግን ሁሉም ነገር አይደለም።

መኪና ድንበር ላይ የሚቆመው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው ሁለት ቦታ መሰለፉ ነው። ሁለተኛው የወረቀት ጉድለት ነው። ሦስተኛው ጭነት ከመኪና ወደ መኪና መገልበጡ ነው። ማዕከሉ የፈታው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ማንም አይፈታላችሁም። ሦስተኛውን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ስለ ሁለተኛው የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። አንድ ጊዜ የቦሎቄ ጭነት ነበረን። 300 ኬሻ፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ። ኢንቮይሱ ላይ 15,000 ኪሎ ብዬ ጻፍኩ። ፓኪንግ ሊስቱ (የጭነቱ ብዛትና ክብደት ዝርዝር) ላይ የባዶ ኬሻውን ክብደት ደምሬ ሌላ ቁጥር አስቀመጥኩ። የትኛው የተጣራ፣ የትኛው ከነኬሻው እንደሆነ አልለየሁም። ሁለቱ ወረቀቶች አልገጠሙም፤ መኪናው አራት ቀን ቆመ። ሹፌሩ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። በአራተኛው ቀን ደውሎ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ልከራይ እንዴ?» አለኝ። ባለጭነቱ የመኪና ማቆያ ከፈለ፤ እኔም የሠራሁበትን ሂሳብ ለመጠየቅ ዓይን አልነበረኝም። ወረፋ አልነበረም፣ ማዕከሉም በሥራ ላይ ነበር። አራቱን ቀን የበላው የእኔ ብዕር ነው።

ሌላው የተለመደ ስህተት ቀን ነው። እኛ በ2017 የጻፍነውን ኬንያዊው 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ለእሱ ያ ዓመት ካለፈ ቆይቷል። ትናንት የወጣ ሰርተፍኬት ጊዜው ያለፈበት መስሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ድንበር በሚሻገር ወረቀት ላይ ሁሉ ቀኑ በፈረንጆቹ ይጻፍ። ሰዓቱም እንዲሁ። ደስ የሚለው ኬንያውያን በስዋሂሊ ሲያወሩ እንደኛው ነው የሚቆጥሩት፤ «ሳ ታቱ» ካሏችሁ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለታቸው ነው። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን 9 ሰዓት ብለው ይጽፋሉ። በአፍ የተነገራችሁንና በጽሑፍ የደረሳችሁን አታምታቱ።

በነገራችን ላይ፣ ሳይቆም የሚሻገር አንድ ሸቀጥ አለ፤ ኤሌክትሪክ። ከዚህ ብዙም ከማይርቀው ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርስ 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር አለ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሽያጩ በ200 ሜጋ ዋት ተጀመረ። ኬሻ የለው፣ ፓኪንግ ሊስት የለው። ባየሁት ቁጥር እቀናለሁ።

ወደ ኬንያ ለመላክ ምን ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?

መሠረቱ የታደሰ የላኪነት ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ነው። የችርቻሮ ፈቃድ ይዞ የሚመጣ ሰው በየሳምንቱ አይጠፋም፤ በእሱ መላክ አይቻልም። ቀጥሎ ከገዢው ጋር የተፈራረማችሁት የሽያጭ ውል፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የባንክ የወጪ ንግድ ፈቃድ፣ የስሪት አገር ሰርተፍኬት። እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት ከሆነ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይጨመራል፤ እሱ የሚወጣው ከግብርና ባለሥልጣን ነው። ከብት ከሆነ የእንስሳት ጤና ሰርተፍኬት። እነዚህ ሲሟሉ ዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ፣ ይሞላል።

ድሮ ይህን ሁሉ ፋይል በብብት ይዞ ከቢሮ ቢሮ መዞር ነበር። ከጥር 2012 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት የሚባል አገልግሎት አለ። ጉምሩኩም ሌሎች ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችም በአንድ ሲስተም ይገናኛሉ። ማመልከቻው ከወንበራችሁ ሳትነሱ ይገባል። ኔትወርክ ካለ ማለቴ ነው።

ሰው የሚረሳው ግን ማዶ ያለውን ወረቀት ነው። ኬንያዊው ገዢ በራሱ ኤጀንት በኩል በኬንያ ሲስተም መግቢያውን ማስመዝገብ አለበት። እሱ ካልጀመረ ማዕከሉ ምንም አያደርግላችሁም፤ የኢትዮጵያው ሠራተኛ ጨርሶ የኬንያው ባዶ ስክሪን ያያል። ስለዚህ መኪና ከማስነሳቴ በፊት ማዶ ያለው ኤጀንት ያስመዘገበበትን ወረቀት ፎቶ እንዲልክልኝ አደርጋለሁ። «ኖ ፕሮብሌም» ብቻ ካለኝ መኪናው አይነሳም።

ጥራትንም አትናቁ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ የሚገባ በቆሎን በአፍላቶክሲን ምክንያት አግዳ ነበር። እገዳው በቀናት ውስጥ ቢነሳም ሰርተፍኬት ማቅረብ ግዴታ ሆኖ ቀረ። አፍላቶክሲን እህል ሳይደርቅ ሲከማች ከሚፈጠር ሻጋታ የሚመጣ መርዝ ነው። እርጥብ እህል ጭናችሁ በሙቀት 500 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ላቦራቶሪውን መርገም አያዋጣም።

ቢጫ ካርድ የትኛው ነው?

ሁለት ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንዱ የሰው ነው። የቢጫ ወባ ክትባት የተከተባችሁበት ካርድ ነው፤ ሹፌሩም ረዳቱም እናንተም ትይዙታላችሁ። ሌላው የመኪና ነው። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ይባላል፤ ለሦስተኛ ወገን የሚሆን መድን ነው። የእኛ አገር ሦስተኛ ወገን ድንበር ሲሻገር አይሠራም። ቢጫ ካርዱ ካለ መኪናችሁ ማዶ ጉዳት ቢያደርስ በዚያ አገር ሕግ መሠረት ካሳው ይሸፈናል። ከመድን ድርጅታችሁ ትጠይቃላችሁ። አንድ ደንበኛዬ መኪናውን ላሻግር ብሎ የራሱን የክትባት ካርድ አውጥቶ ሰጠኝ። ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

የራሴን መኪና ናይሮቢ ድረስ መንዳት እችላለሁ?

በሕግ መንገዱ አለ፤ ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቢጫ ካርድ፣ የኬንያ የመንገድ ክፍያ። በተግባር ግን አብዛኛው ጭነት ሞያሌ ላይ ይገለበጣል። የኢትዮጵያ መኪና አራግፎ ይመለሳል፤ የኬንያው ጭኖ ይሄዳል። ከላይ ሦስተኛ ያልኩት መቆሚያ ይህ ነው።

ለምን? ጅቡቲን ተመልከቱ። የእኛ ተሳቢዎች ገላፊን ወይም ደወሌን አልፈው ወደቡ ውስጥ ገብተው ይጭናሉ፤ ማንም አይገርመውም። ወደ ኬንያ ሲሆን ግን ከወረቀቱ በላይ ልማድና ስጋት አለ። ሹፌሩ ቋንቋውን አያውቅም፣ ጋራዥ አያውቅም፣ የክብደት ደንቡን አያውቅም። በዚያ ላይ መንገዱ ራሱ ይገለበጣል። እኛ በቀኝ እንነዳለን፤ ኬንያ በግራ። ድንበሩን ስታልፉ መስመር ትቀይራላችሁ። የእኛ መኪና መሪው በግራ ስለሆነ ማዶ ላይ ለመቅደም ሲሞክሩ ፊት ለፊት የሚመጣው አይታይም። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ና! አይ ቁም!» ይላል። አንድ ሹፌር «ከመንገዱ ይልቅ አደባባዩ ነው ያስረጀኝ» ብሎኛል።

የእኔ አስተያየት፣ ጀማሪ ከሆናችሁ አስገልብጡ። ግን የኬንያውን መኪና አስቀድማችሁ ያዙ። ሞያሌ ደርሶ መኪና የሚፈልግ ሰው በደላላ እጅ ይወድቃል። ሽንኩርት የጫነማ በፀሐይ ይቃጠላል።

ከሀዋሳ ሞያሌ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? መንገዱስ?

500 ገደማ ነው። ዲላን፣ ይርጋ ጨፌን፣ ሐገረ ማርያምን፣ ያቤሎንና ሜጋን ታልፋላችሁ። ይህ መስመር ከካይሮ ኬፕ ታውን ይደርሳል ተብሎ የታሰበው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል ነው። በሰሜን በኩል ደግሞ የሞጆ–ሀዋሳ የፍጥነት መንገድ በአጠቃላይ 202 ኪሎ ሜትር ሆኖ በምዕራፍ እየተሠራ የመጣ ነው። ከሞያሌ ኢሲዮሎ ሌላ 500 ገደማ አለ። የኬንያው ክፍል አስፋልት ሳይሆን በፊት ሹፌሮች የሚያወሩትን ብትሰሙ አታምኑም፤ አቧራ፣ ሽፍታ፣ በእጀባ መንዳት። አስፋልቱ የተጠናቀቀው ከ10 ዓመት ያህል በፊት ነው። ያ መንገድ ባይሠራ ኖሮ አንድ ማዕከሉ ለማንም አይጠቅምም ነበር።

የሲዳማ ቡና ለምን በሞምባሳ አይወጣም? ኬንያ እኮ ቅርባችን ነው።

ይህን የሚጠይቁኝ ካርታ ያዩ ሰዎች ናቸው። ኬንያ ቅርብ ነው፤ ሞምባሳ ግን ሩቅ ነው። ቁጥሩን እንደምር። ከሀዋሳ ሞያሌ 500፣ ከሞያሌ ናይሮቢ 780 ገደማ፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ 480 ገደማ። በድምሩ ከ1,700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በጅቡቲ በኩል ደግሞ ከሀዋሳ ሞጆ 200 ያህል፣ ከሞጆ ጅቡቲ ወደብ ከ800 ትንሽ ይበልጣል። 1,000 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብም ባቡርም አለ። ስለዚህ የኢንዱስትሪ ፓርካችን ልብስም ሆነ ቡናው ወደ ሰሜን ቢሄድ አይግረማችሁ።

የኬንያው ሌላ ወደብ፣ ላሙስ? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 መለስ ዜናዊ፣ ምዋይ ኪባኪና ሳልቫ ኪር ላሙ ላይ ተገኝተው ወደቡን፣ መንገዱን፣ ባቡሩንና የነዳጅ ቧንቧውን አንድ ላይ ያሰረውን ፕሮጀክት አስጀመሩ። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ ሥራ የጀመረው በ2021 ነው። ባቡሩና ቧንቧው ገና ወረቀት ላይ ናቸው። ላሙ ከሞምባሳ ይልቅ ለሞያሌ ይቀርባል፤ አገራችንም ባንድ ወደብ ላይ መንጠልጠሏን ይቀንስላታል። እኔ ግን ደንበኛዬን ዛሬ በላሙ ላክ አልለውም። ኬንያን እንደ ወደብ ሳይሆን እንደ ገበያ እዩት፤ ያኔ ርቀቱ ትርጉም ይሰጣል።

ማዶ ምን ይሸጣል?

ቦሎቄ፣ ሽንኩርት፣ የቦረና ከብት። አቮካዶ የሚለኝ አለ። ኬንያ ራሷ አቮካዶ በመላክ ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት። ለሀዋሳ ሐይቅ ውሃ መሸጥ ነው።

የኮሜሳ አባል ነን፤ ታዲያ ለምን ቀረጥ እከፍላለሁ?

አባል መሆንና ነፃ ቀጠና ውስጥ መሆን ይለያያል። የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጠና እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀመር ኬንያ ገባች፤ ኢትዮጵያ አባል ሆና ሳለ ወደ ቀጠናው አልገባችም። እኛ የምንሰጠው የ10 በመቶ ቅናሽ ነው። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። ቀረጡ 10 በመቶ ነው ማለት አይደለም፤ ከቀረጡ ላይ አንድ አሥረኛው ይቀነሳል ማለት ነው። ዕቃው 30 በመቶ የሚቀረጥ ከሆነ 27 ይሆናል። የ100,000 ብር ዕቃ ብታስገቡ ከ30,000 ብር 3,000 ተቀነሰላችሁ። ተጨማሪ እሴት ታክሱና ሌላው እንዳለ ነው።

ከዚህ የሰፋው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ነው። ስምምነቱ ኪጋሊ ላይ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ስምምነት ስር መገበያየት በይፋ የጀመረችው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። (ሁለቱም 2018፤ በመካከላቸው ግን ሰባት ዓመት ተኩል አለ። የቀኑን ነገር ነግሬያችኋለሁ።) እንደኛ ዓይነት በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ያሉ አገሮች 90 በመቶ በሚሆኑት የዕቃ ዓይነቶች ላይ ቀረጡን በ10 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ያነሳሉ። ነገ ጠዋት ዜሮ ይሆናል ብላችሁ ዕቃ አታዙ።

በሁለቱም ቢሆን ቅናሹ የሚሰጠው ለአገሩ ዕቃ ነው። ከቻይና መጥቶ ናይሮቢ መጋዘን ውስጥ ያደረ ካርቶን ኬንያዊ አይሆንም። የስሪት አገር ሰርተፍኬት የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ከሞያሌ ገዝቼ የማመጣው ዕቃ ለምን መንገድ ላይ ይያዛል? የገዛሁት እኮ አገሬ ውስጥ ነው!

ይህን የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ እህቶቻችን ናቸው፤ ትንሽ ካፒታል ይዘው ሳሙና፣ ዘይት፣ ፕላስቲክ ዕቃ የሚያመጡ። ብስጭታቸው ይገባኛል። ሱቁ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ ባለሱቁም ኢትዮጵያዊ ነው። ግን ዕቃው ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ ከሆነ ሱቅ ውስጥ መቀመጡ አያነጻውም። ኬላ ላይ የምትጠየቂው ከማን እንደገዛሽ ብቻ አይደለም። ዕቃው በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ ነገር ነው፤ ሕጋዊ ደረሰኝና የዲክላራሲዮን ኮፒ። እሱ ከሌለ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ኮንትሮባንድ ነው። ዕቃው ይወረሳል፤ የጫነው መኪናም ጣጣ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሹፌር ደረሰኝ ሳያይ የማይጭነው።

«የጠረፍ ንግድ ፈቃድ አለ አይደል?» ትላላችሁ። አለ። ግን የተሰጠው ለጠረፍ ነዋሪዎች ነው፤ ዕቃውም መጠኑም የተወሰነ ነው። ሐሳቡ ቦረና ላይ ያለ አርብቶ አደር በግ ሸጦ ዱቄት ይግዛ ነው። ቦረናው እዚህም እዚያም አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ ነው፤ ገበያውም እንደዚያው። በዚያ የገባ ዕቃ ግን ለአካባቢው ፍጆታ ነው። ሀዋሳ አሮጌው ገበያ ድረስ አይመጣም።

እውነቱን ለመናገር፣ ለትንሽ ነጋዴ ሥርዓቱ ገና አልቀለለም። አንድ ማዕከሉ ለተሳቢ መኪና ተሠራ፤ አምስት ካርቶን ሳሙና ለያዘች ሴት ግን ወረቀቱ ከዕቃው ይከብዳል። እስከዚያው የማውቀው ብልሃት ተሰባስቦ ማምጣት ነው። አምስት ስድስት ሆናችሁ ሕጋዊ ፈቃድ ባለው አስመጪ በኩል ባንድ ዲክላራሲዮን አስገቡ። ትርፉ ይቀንሳል፤ እንቅልፍ ግን ትተኛላችሁ።

ሰልባጅ ማምጣት ይቻላል? መኪናስ?

ናይሮቢ ያለው የሰልባጅ ገበያ ጊኮምባ ሄዶ የተመለሰ ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት ክልክል ነው። ኬንያ ተፈቅዷል፣ እኛ አልተፈቀደም። መኪናም አይሆንም፤ የኬንያው መሪው በቀኝ ነው፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ታግዷል።

ቪዛ ያስፈልጋል?

ሁለቱ አገሮች ለዜጎቻቸው ቪዛ ያስቀሩት ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርትና የክትባት ካርድ ያዙ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ የሚባል ነገር ጀምራ ደንቡን ደጋግማ ስላሻሻለች ከመነሳታችሁ በፊት ኢንተርኔት ላይ እዩት።

ክፍያውን በካሽ ብቀበልስ?

አይሆንም። የወጪ ንግድ ገንዘብ በባንክ መግባት አለበት፤ ዲክላራሲዮናችሁ ከባንክ ፈቃዱ ጋር ይታያል። ገንዘቡ ካልገባ ሁለተኛ ጊዜ ስትልኩ ባንኩ ያስቆማችኋል። ገዢውን በደንብ ካላወቃችሁት ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ወይም ኤል ሲ (የገዢው ባንክ ለክፍያው ዋስ የሚሆንበት ሰነድ) ጠይቁ። «ዕቃው ሲደርስ እልካለሁ» ያለ ሰው ናይሮቢ ላይ ስልኩን ሲያጠፋ ሀዋሳ ሆኖ ማንን ታስይዛለህ?

በየትኛው ቀን ብነሳ ይሻላል?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ሥራው የገባው ሰው ነው። ሐሙስና አርብ አትነሱ። ወረቀት ላይ ስህተት ከተገኘ የሚታረመው ባንክና ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሲከፈት ነው፤ ማለትም ሰኞ። ቅዳሜና እሁድ ሞያሌ ላይ አልጋ ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ።

የበዓሉንም ነገር እዩ። ሁለት አገር ማለት ሁለት ካላንደር ነው። ኬንያውያን ገናን የሚያከብሩት ታኅሣሥ 16 ነው፤ ከዚያ በፊት ታኅሣሥ 3 የነፃነት በዓላቸው አለ። እነሱ ጨርሰው ሲመለሱ እኛ ለታኅሣሥ 29 ዶሮ እንገዛለን። ድንበሩ ክፍት ቢሆንም ኤጀንቱ አገሩ ገብቷል፣ ባንኩ ተዘግቷል። ታኅሣሥ ላይ የሚበላሽ ነገር አልጭንም።

በሌላው ጊዜ ሰኞ ወረቀቱን እጨርሳለሁ። ማታ ማዶ ላለው ኤጀንት ደውዬ ፎቶውን እቀበላለሁ። ኢንቮይሱንና ፓኪንግ ሊስቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ከቦሎቄው ወዲህ የጀመርኩት ልማድ ነው። ማክሰኞ ንጋት 11 ሰዓት ላይ መኪናው ይነሳል።